ዋስ የጠራች ወይን

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ገብረአማኑኤል ነው። አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ስምህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ማንም እንዳይዘለው ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታው ይሁን። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ብርዱ እንዴት አደረገው? ጠባቂህ አይተኛ፤ እንጀራህ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ከእኔ ጋር አይስማማም።

የካቲት 1983 ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀርህ ከጉደር ክንድ የማትሞላ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ አመጣህ። ማድ ቤቱ ጥግ ተከልካትና «ይህች ስታፈራ እመለሳለሁ» አልክ። እናታችን አመነችህ፤ እስክትሞት ድረስ ውኃ አልነሳቻትም። አንተ ለለቅሶዋ ሦስት ቀን መጥተህ ሄድክ። ወይኗ ግን እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ አላሳየችንም። ቅጠል ከሆነ አላጣንም። ማድ ቤቱን አልፋ የትልቁ ቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥታለች። አሸንዳውን ስለደፈነችው ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው በግድግዳ ይወርዳል። ኮኩን አንቃ ይዛዋለች፤ አምና የሰጠን አሥር ፍሬ አይሞላም፣ እሱም የአይጥ ነበር። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ ጥላ ነው» ይለኛል። ጥላ አይበላም።

ስለዚህ ላስነቅላት ነው። በቦታው ሦስት ክፍል ሠርቼ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቤቱ በሁለታችን ስም ስለሆነ ያላንተ ፊርማ አይሆንም። የኤምባሲ ማህተም ያለው ውክልና ላክልኝ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ በደወልክ ቁጥር «ደህና ነኝ» ስለምታሰኘኝ ነው። ደህና ያልሆነውን ለመናገር ወረቀት ይሻላል።

እህትህ ብርቅነሽ


አስቲ፣ ኢጣሊያ፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ብርቅነሽ፤

የእናታችን አምላክ ወገብሽን ያጽናልኝ፤ ደጃፍሽን ክፉ አይርገጠው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከሁሉ በፊት ጸሐፊሽን አመስግኚልኝ። ፊደሉ እንደ ተለቀመ ስንዴ ነው፤ ጥሩ የተማረ ልጅ መሆን አለበት።

እትዬ፣ ወይኗን አታስነቅያት። አንድ ዓመት ስጪኝ። ያላፈራችው መካን ሆና አይደለም፤ መቀስ ነክቷት ስለማያውቅ ነው። ያልተቆረጠ ወይን የሚኖረው ለቅጠሉ ነው። ፍሬ የሚመጣው አምና በበቀለው እንጨት ላይ ከሚወጣው ለጋ ብቻ ነው፤ የቀረው ሸክም ነው። እዚህ ብርዱ ያስተኛታል፣ ተኝታ ሳለች ይቆርጧታል። አምቦ ብርዱ አያስተኛትም፤ የምታስተኛት አንቺ ነሽ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃ ከልክያት። ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ቅጠሏን በእጅሽ አራግፊ። ከዚያ አሮጌውን ሁሉ ጥለሽ ከአምናዎቹ ስድስት ጠንካራ ቅርንጫፎች ብቻ አስቀሪ። በእያንዳንዱ ላይ ከግንዱ በኩል ሦስት ዓይን፣ ለጋው የሚፈነዳበትን እብጠት ማለቴ ነው፣ ቆጥረሽ ሌላውን ቁረጪው። እጅሽ አይሳሳ። ስትጨርሺ ያዘነችብሽ ካልመሰለሽ ገና አልቆረጥሽም ማለት ነው። ከዚያ ውኃ አጠጫት።

ይህን በ1984 በሁለተኛው ደብዳቤዬ ጽፌላችሁ ነበር፤ ሥዕልም ነበረው። ጊዜው ረጅም ነውና ረስተሽው ይሆናል።

ስለ ሌላው ጉዳይ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ታናሽሽ ገብረአማኑኤል


አምቦ፣ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረአማኑኤል፤ ጤና ይስጥልኝ። ልደቱንም ጥምቀቱንም በሰላም አሳልፈናል፤ ለከርሞው አብረን ያድርገን።

ጸሐፊዬን አመስግኚልኝ ባልከው መሠረት መስተዋት ፊት ቆሜ አመሰገንኩልህ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

ሦስት ዓመት ሆነኝ። የጎልማሶች ክፍል ከሰዓት በኋላ ነው። መምህርቷ ዲቦራ ትባላለች፤ በዕድሜ ከቀሚሴ ታንሳለች። ወንበሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ስለሆነ በተነሣሁ ቁጥር አብሮኝ ይነሣ ነበር። «እማማ፣ ወንበሩን እዚሁ ይተዉልን» ትለኛለች፤ ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። አንተን አዝዬ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ወስጄ እስክትወጣ ከአጥሩ ውጭ እጠብቅህ እንደነበር ታስታውሳለህ? የመምህሩ ድምፅ በአጥሩ ያልፋል፤ ሰሌዳው ግን አያልፍም። በስልሳ አራት ዓመቴ ሰሌዳ ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው፤ በመልካም አልነበረም።

የ1984ቱን ደብዳቤ አልረሳሁትም። አልተነበበልኝም። ደብዳቤዎችህ ሁሉ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ እንኳ አልከፈትኩትም ነበር። አንዴ ሰምቼዋለሁ፣ ምን ይጨምርልኛል ብዬ ነው። የአሁኑ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ከፍቼ ፈለግኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወይኗ እንዴት እንደምትቆረጥ ተጽፏል፤ መቀስ የመሰለ ሥዕልም አለ። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እትዬን ማታ ትምህርት አስገቧት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእሷ ጀርባ ላይ ነው። ሳታነብ አትቅርብኝ።»

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ጊዜ በጣቴ ሳልከተል ነበር።

ነጠላዬን አጣፍቼ ጋሽ ከበበው ዘንድ ሄድኩ። ታስታውሰዋለህ፤ መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው፣ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነበው። ሰላምታውን በዜማ ያነብና የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ «የቀረው ሰላምታ ነው» ይል ነበር። በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«ጋሽ ከበበው፣ ይህ ምን ይላል?» ብዬ ሁለተኛውን ገጽ ሰጠሁት።

መነጽሩን አደረገ። «የቀረው ሰላምታ ነው።»

«አንብበው።»

አነበበው። ላቡን ጠረገ። «ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ያን ጊዜ በቀን አሥር ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ማን ይደርሳል?»

«ስንቱን ሰው ነው ግማሹን ያስቀረህበት?»

ትንሽ አሰበ። «ሰፈሩን በሙሉ ነው» አለኝ።

ወይኗን ለመጣል ኦቦ ዱጋሳን ለቅዳሜ ቀጥሬው ነበር፤ ከጉደር መንገድ እንጨት ፈልጦ የሚኖር ሰው ነው። ቀጠሮውን ሳላፈርስ ቅዳሜ ደረሰ፤ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። «አከም ጅርቱ፣ አዴ ብርቅነሽ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኝ ግንዷን ዞሮ ዞሮ አያት። አንድ ዓመት ልስጣት ወይስ አልስጣት እያልኩ ሳመነታ ሰማኝ።

«ይህማ በአባቴ ግቢ ቀላል ነበር» አለ። «ያላፈራ ዛፍ ይጠየቃል። ዋስ ካለው ዓመት ይታለፋል። ዋስ ካጣ ይወድቃል።»

ጋሽ ከበበውን አስጠራሁት። ኦቦ ዱጋሳ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዷን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገና «አንቺ ወይን፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በላሽ። ታፈሪያለሽ ወይስ ትወድቂያለሽ?» አላት። «ዋስ አላት?» አለ ወደ እኛ ዞሮ።

ጋሽ ከበበው መሬት መሬቱን ያያል።

«ሁለተኛው ገጽ ያንተ ነው» አልኩት።

«ዋስ ነኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ጮክ በል፤ እንጨት ጆሮው ከባድ ነው» አለው ኦቦ ዱጋሳ።

«ዋስ ነኝ፣ ዋስ ነኝ።»

ዓመት ጠብቃ ካላፈራች ጋሽ ከበበው ጉቶዋን በገዛ እጁ ቆፍሮ ሊያወጣ ተስማማ፤ ዕድሜው ሰባ አራት ነው። ከዚያ ባልከው መንገድ ቆረጥናት። ቅጠሉ ከቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሦስት ጋሪ ሞላ። አሁን ልብሷን የገፈፏት አሮጊት መስላ ቆማለች። ኮኩ ግን ተነፈሰ።

ውክልናውን አልረሳሁትም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ መሐንዲስ ነህ፤ እናታችንም እንዲሁ እያለች ነው የሞተችው። የወይን ዓይን መቁጠር ማን አስተማረህ?

እህትህ ብርቅነሽ፣ በእጄ


አምቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ።

ሦስት ወር ሆነ፣ መልስ የለህም። ስልክም አልደወልክም። የጠየቅኩህ ነገር ከብዶህ ከሆነ ተወው፤ ስለ ወይኗ ግን ቶሎ መልስልኝ።

መጀመሪያ ሁሉም ዓይን ፈነዳ። አሥራ ስምንቱንም ቆጥሬያለሁ። ቅጠሉ ለምለም ነበር፤ አበባ የመሰለ ነገርም አወጣች። ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት መጥቆር ጀመረ፣ አበባውም ረገፈ። ምን እንደነካት ስፈልግ ሰንብቼ አንድ ቀን ጧት ጋሽ ከበበውን ከባጃጅ ጀሪካን ሲያወርድ ያዝኩት። ከፍል ውኃው ነው የሚቀዳው። ሁለት ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ እያመጣ ሲያጠጣት ነበር።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ዋስ ነኝ እኮ» አለኝ። «የሰውን ወገብ ያዳነ ውኃ ለእንጨት ምን ይከለከላል? ለሆዴ ጠጥቼው ድኛለሁ።»

«እሷ ሆድ አላት?»

«ያላፈራችው ሆድ አጥታ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳልወድ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ስለሆነ ጎረቤት መጥቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

አንድ ቅጠል ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። ውኃው ነው ወይስ ሌላ?

ብርቅነሽ


አስቲ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅነሽ፤

ክረምቱን በደህና ያውጣሽ፤ መብረቁም ጎርፉም ከቤትሽ ይራቅ። ዝም በማለቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ቅጠሉ ደርሶኛል። ነገሩ የፍል ውኃው ጨው ነው። ሥሯ ሥር ተቀምጧል። አትደንግጪ፤ ዙሪያዋን ቦይ ቆፍሪላትና የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም እንደገና አስተኚያት፣ እንደገና ቁረጫት። ጋሽ ከበበው የቧንቧ ውኃ ብቻ ይቅዳ።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ አምስት ወር ይዤው ዞርኩ። መልሱ ይህ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት አቋረጥኩት። ከ1984 ጀምሮ የሰው ወይን ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ጧት በጉም ከኮረብታው ሥር ጀምሬ ቀኑን ሙሉ ዓይን እቆጥራለሁ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ «ሥራ ደህና ነው» ብዬ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ ምን ሥራ እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። አንቺ ከአጥሩ ውጭ ቀርተሽ እኔ ወደ ሰሌዳው ገባሁ። መቀስ ይዤ ወደ አንቺ ልመጣ? ለእናታችን ለቅሶ የመጣሁ ጊዜ እጄን ይዘሽ «ምን አሻከረው?» አልሽኝ። «ማሽን ነው» አልኩሽ። በሦስተኛው ቀን የሄድኩት ለዚህ ነው። ጉልበቴ እያመመኝ ነው እያልኩ ከመምጣት የቀረሁትም ለዚህ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው።

ውክልናውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ማህተሙ ተሟልቷል። የምትነቅያትም የምትተያትም እንዳሻሽ። ለመስቀል የሚመጣ ሰው ደግሞ መቀሴን ይዞልሽ ይመጣል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነው፤ እጀታው የእጄን ቅርጽ ይዟል፣ ግን ለአንቺም ይሆናል።

ታናሽሽ ገብረአማኑኤል


አምቦ፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረአማኑኤል፤ ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈታህ፤ የላክህልኝን መቀስ የያዘ እጅህ አይድከም።

ስምንት ወር መልስ ያጣኸው ፖስታ ቤቱ ዘግይቶ አይደለም። በስልክም «ወይኗስ?» ስትለኝ «ቆማለች» ብቻ ያልኩህ ሆን ብዬ ነው። አንተ አምስት ወር ይዘህ ዞርክ፤ እኔ ስምንት። ታላቅህ ነኝ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ፍሬ ሳላይ ምንም አልጽፍም ብዬ ስለነበር ነው።

ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ተናደድኩ። አልደብቅህም። ሰሌዳውን ለአንተ ሰጠሁ፣ አንተ ለወይን ሰጠኸው። እንጨት የሚቆርጥ ሰው ከፈለግን ኦቦ ዱጋሳ ነበረልን አልኩ። በአራተኛው ቀን አሸንዳውን ልጠርግ መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለሁ፣ ይህ ሰው መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለዚህች ወይን ማን ይነግረኝ ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ጋሽ ከበበው ከሥር ይዞኝ ነበርና «እንዳትወድቂብኝ፤ ለአንቺ ዋስ አልሆንኩም» አለኝ።

ጥቅምት ሃያ አራት ቀን በመቀስህ ቆረጥናት። ዲቦራ ክፍሉን በሙሉ ይዛ መጣች፤ ሃያ ሁለት አሮጊትና ሽማግሌ ማለት ነው። ዓይን ቁጠሩ ተባልን፤ አንዷ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ሌላው «ቆይ፣ ያንን ቆጥረሻል» ይላታል፣ ትምህርት ቤቱ ግቢዬ ውስጥ ሆነ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አበበች። ከዚያ ጥጥር ያለች አተር የመሰለች ነገር፣ ከዚያ እንደ ሽምብራ። ወፎቹ ከእኔ ቀድመው አወቁ። ጋሽ ከበበው ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመውን ጋዜጣ አምጥቶ ከረጢት ከረጢት እየሰፋ እያንዳንዱን ዘለላ አለበሰው። ግቢው መዝገብ ቤት መሰለ። በየቀኑ እየመጣ አንዱን ከረጢት ገለጥ አድርጎ ያይና ይዘጋል። «ልብስ ሲቀይሩ አይታዩም» ብዬ አባረርኩት።

ትናንት ቅዳሜ ለቀምን። ሠላሳ አንድ ዘለላ። ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ጣፋጩ ቀስ ብሎ ይመጣል። የእናታችን ጠባይ አለው። ጾም ስለሆነም ማንም ሰበብ አላገኘም፤ ሁሉም በላ።

ኦቦ ዱጋሳ መጥረቢያውን ሳይዝ፣ ጋቢውን ለብሶ መጣ። አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ ጨምሮ ቀስ ብሎ አላመጠ። ጋሽ ከበበው አፉን አፉን ያየዋል።

«ዋሱ ነፃ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እንዲሁ በቃል?» አለ ጋሽ ከበበው። «ማህተም የለውም?»

ኦቦ ዱጋሳ አውራ ጣቱን ወይን ውስጥ ነክሮ የጋሽ ከበበው መዳፍ ላይ ተጫነው። ሰውየው ማታ ድረስ እጁን አልታጠበም።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ሁለተኛው ገጽ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ሰው ያረጀ ደብዳቤውን ይዞልኝ መምጣት ጀመረ። እሑድ እሑድ ከወይኗ ሥር እቀመጣለሁ፤ ቅጠሏ እንደገና ሞልቷል፣ አሁን ግን በልክ ነው። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ አነባለሁ። ወይዘሮ ጉዴን ታውቃታለህ፣ ከላይ በኩል ያለችው። እህቷ ከካርቱም በ1986 የጻፈችውን አመጣች። አንደኛው ገጽ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው «ሴት ልጅ ወለድኩ፣ በስምሽ ጉዴ አልኳት» ይላል። ወይዘሮ ጉዴ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አየችው፤ ማንበብ አትችልም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርቱም ላይ ስሜ ሲጠራ እኔ እዚህ ሽንኩርት እሸጣለሁ?» አለች። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ዞር ብላም ጋሽ ከበበውን በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችው። እሱም ሳይሸሽ ቆሞ ተገረፈ። ከመስከረም ጀምሮ ዲቦራ ዘንድ ትገባለች። ጥላ አይበላም ብዬህ ነበር፤ ይነበብበታል ግን።

ውክልናውን መልሼ ልኬልሃለሁ። ጀርባው ባዶ ስለነበር በየዘለላው ስንት ፍሬ እንዳለ ቆጥሬ ጽፌበታለሁ፤ ሌላ ንጹሕ ወረቀት አጠገቤ አልነበረም። ክፍል አልሠራም። ለተማሪዎቹ ሌላ ሰው ይሥራላቸው።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ከአጥር ውጭ የቆየሁበት ዘመን በአንድ ዘለላ አይከፈልም። ተጠያቂው አሁንም አንተ ነህ፤ ለአሸንዳውም፣ ለሠላሳ አንዱም። ኮኩም ዘንድሮ ሁለት ቅርጫት ሰጠ፤ ለእሱም ተጠያቂ ነህ። ግን «ይህች ስታፈራ እመለሳለሁ» ያልከው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም። የሻከረ እጅህን ይዘህ ና። የእኔንም ታየዋለህ፤ እስክሪብቶ ጣቴ ላይ ጉብታ አውጥቶልኛል።

ለከርሞ የሚቀሩት ስድስቱ ቅርንጫፎች የትኞቹ እንደሆኑ አይቼ አውቄያለሁ፤ በቀይ ክር አስሬያቸዋለሁ። መቀሱን ዘይት ቀብቼ ማድ ቤቱ በር ላይ ሰቅዬልሃለሁ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያቆማል፤ ውኃም እከለክላታለሁ፣ ቅጠሏንም አራግፋለሁ።

እኔ ግን ከእንግዲህ አልቆርጣትም።

እህትህ ብርቅነሽ፣ በእጄ